ከኪሳራ በኋላ የቤት ብድር፦ በሩን የሚዘጋው ምንድን ነው?

በአንገቱ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየቤቱ አለ፤ በአደባባይ ግን ሲነሣ አይሰማም። ንግዱ የወደቀበት፣ ቤቱ በሐራጅ የተሸጠበት ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ደመወዙ የተያዘበት ሰው፣ ከዓመታት በኋላ እግሩ ሲተከል ከባንክ የቤት መሥሪያ ወይም የቤት መግዣ ብድር ማግኘት ይችላል ወይ? ሰዉ ይህን የሚጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ኪሳራ በእኛ ዘንድ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ። ስለዚህ ብዙው ሰው መረጃ የሚያገኘው ከባንክ ወይም ከሕግ ባለሙያ ሳይሆን ከቡና ወሬ ነው። አንዱ «አንዴ ስምህ ከጠቆረ ዕድሜ ልክህን ነው» ይላል፤ ሌላው «ባንክ ቀይር እንጂ ማን ያውቅሃል» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ይችላል። በአገራችን የቤት ብድርን በር የሚዘጋው ሳይቋጭ የተንጠለጠለ ዕዳ ነው። የከሰረ ግን ዕዳውን ቋጭቶ መቋጨቱን በጽሑፍ የያዘ ሰው እንደገና ባንክ ፊት መቅረብ ይችላል። ከስሮ የተሸሸገ ሰው ግን አሥር ዓመት ቢቆይም በሩ እንደተዘጋ ይጠብቀዋል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ፣ እዚህ አካባቢ የሚከስረው ማን እንደሆነ እንይ፤ ከሳሪ ሲባል ሰነፍ ወይም አጭበርባሪ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና። የሐረና ጫካ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ ገንዘብ የሚበደረው በለቀማ ወቅት ነው። የገዛውን አድርቆና አስፈልፍሎ ገበያ እስኪያደርስ ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ ብድሩ ግን አብሮ አይወርድም። የሳነቴን ከፍታ ተሻግረን ወደ ሲናናና ወደ አጋርፋ ስንሄድ ደግሞ ስንዴ አለ። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ሲመታ ባሌ ከተጎዱት ዋናዎቹ አንዷ ነበረች። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ብሎ በሰፊው የዘራውን ዲገሉ የተባለ ዝርያ የግንድ ዋግ ደረሰበት፤ በባሌና በአርሲ ብዙ ማሳ ለአጨዳ ሳይደርስ ቀረ። በዚያ ዓመት ለማዳበሪያ፣ ለትራክተር ወይም ለኮምባይነር ኪራይ የተበደረ ገበሬ ጥፋቱ ምን ነበር? ዘሩን የመረጠለት የግብርና ባለሙያ ነው፤ በሽታው የመጣው በነፋስ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ዋስ የሆነው መምህር ወይም ነርስስ? እሱ ዕዳ ያገኘው ከሜዳ ነው። ኪሳራ ከጥፋት የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ከአየርና ከገበያ የሚመጣበት ጊዜ ግን እጅግ ይበዛል።

ድሮ አገራችን ባለዕዳን የምትይዝበት ሥርዓት ቁራኛ ነበር። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩና ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ ወጡ፤ የንግድ ሕጉ ስለ ኪሳራ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። የተጻፈው ግን ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ፍርድ ቤት ነጋዴውን ከስሯል ብሎ ይወስናል፤ ንብረቱ በአንድ እጅ ይሰበሰባል፤ ባለገንዘቦቹ ተራ ጠብቀው ይካፈላሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን ክፍል አድሶ፣ ንግዱ የታመመበት ሰው ጨርሶ ከመውደቁ በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን እንደገና የሚያዋቅርበትን መንገድ ጨመረ። ይህ ጥሩ እርምጃ ነው። ይሁንና መምህሩ፣ ነርሷ፣ ገበሬውና ዋስ የሆነው ጎረቤት «ያለኝን ሁሉ ሰጥቻለሁ፤ ቀሪውን ዕዳ ማሩኝና እንደገና ልጀምር» ብለው ፍርድ ቤት የሚቀርቡበት፣ ለእነሱ ተብሎ የተዘጋጀ የኪሳራ ሥርዓት በአገራችን የለም። ሕጉ ለነጋዴው መውጫ ሲያበጅ ተራውን ቤተሰብ ረስቶታል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ታዲያ ተራው ሰው ሲወድቅ የሚሆነው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ለባንክ በመያዣ ከተሰጠው ቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት አበዳሪ የመያዣውን ቤት በሕግ የታዘዘውን ሥርዓት ሳይከተል እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል ፈራሽ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች የተለየ ሥልጣን ሰጠ። ባንኩ ከተበዳሪው ጋር በውሉ ከተስማማ፣ የመክፈያው ጊዜ ሲያልፍ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በ1992 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 216፣ ደግሞ በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ ባንኩ ራሱ ቤቱን በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ እንዲወስደው ፈቀደ። ስለዚህ ያቺ የ30 ቀን ደብዳቤ ስትደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጧት። በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ የሚደረግ ንግግር ከሐራጅ በኋላ ከሚደረግ ክርክር ሁሉ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው «ቤቴን ከወሰዱት ዕዳውም አብሮ ሄዷል» ብሎ ያስባል። እንዲህ አይደለም። ሐራጁ ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ጠይቁት፣ መብታችሁ ነው። ዕዳውን ካልሞላ ግን ቀሪው በተበዳሪው ላይ እንደ ዕዳ ይቀጥላል። በእኛ ትንንሽ ከተሞች ገዢ ጥቂት ስለሆነ፣ ሐራጅ ላይ የሚገኘው ዋጋ ቤቱ ከተሠራበት ወጪ ሊያንስ ይችላል። ቤቱንም አጥቶ ዕዳም ያለበት ሰው የሚፈጠረው እንደዚህ ነው። ያ ቀሪ ዕዳ ደግሞ ዝም ስላሉት አይሞትም። አጠቃላዩ የይርጋ ዘመን፣ ማለትም ባለገንዘቡ ሊከስ የሚችልበት ጊዜ፣ 10 ዓመት ነው፤ በመካከሉ ባለዕዳው ጥቂት ከከፈለ ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የፍርድ ውሳኔ ካለም ለማስፈጸም 10 ዓመት ጊዜ አለ። ይርጋን ተማምኖ የሚሸሸግ ሰው የዕድሜውን ምርጥ ዓመታት በሰው ስም እየነገደና በሰው ስም ቤት እየተከራየ ይጨርሳል።

ሕጉ ግን ለተሸነፈ ባለዕዳም የተወለት አለ፤ ይህን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ለፍርድ አፈጻጸም የማይያዙ ነገሮች አሉ። የቤተሰቡ አስፈላጊ ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ አይወሰድም። ሰውየው እንጀራውን የሚያገኝበት የሥራ መሣሪያ፣ ለገበሬም የሚያርስበት ከብትና ዘሩ አይነካም። ለሦስት ወር የሚሆን ቀለብ ይተውለታል። ከደመወዙም የሚያዘው አንድ ሦስተኛው ነው፤ ሁለት ሦስተኛው የእሱና የልጆቹ ነው። «ሁሉን ይዘን ባዶህን እናስቀርሃለን» ብሎ የሚያስፈራራ ባለገንዘብ ሲመጣ ይህን አስታውሱት።

አሁን ወደ ብድር መዝገቡ እንምጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮች ማን ምን ያህል እንደተበደረና እንዴት እየከፈለ እንዳለ ለዚህ ማዕከል ያስታውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸውም በፊት የጠያቂውን ታሪክ ከዚያ ያወጣሉ። ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ሲዘገይ ብድሩ ክትትል የሚያሻው ተብሎ ይመደባል፤ 90 ቀን ሲሞላው የተበላሸ ብድር ይባላል፤ ከ180 ቀን በኋላ አጠራጣሪ፣ ዓመት ገደማ ሲያልፍ ደግሞ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚከብደው የ90 ቀኑ ወሰን ነው። ከዚያ በፊት ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ «ቡናው አልተሸጠም፤ ጊዜ አራዝሙልኝ» ያለ ሰው ከባንኩ ጋር ገና በውሉ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ግን ለባንኩም ጭምር ኪሳራ ሆኗል፤ ባንኩ በእሱ ምክንያት ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ ገንዘብ ማስቀመጥ አለበትና። ባንክ ቀይሮ ማምለጥም አይቻልም። መዝገቡ የሁሉም ባንኮች ነው፤ የግብር ከፋይ ቁጥርና አሁን ደግሞ ፋይዳ መታወቂያ አንድን ሰው በአንድ ስም ይዘውታል። ሮቤ የተበላሸ ብድር ሻሸመኔ ላይም ይታያል።

ታዲያ በሩ የሚከፈተው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ሥራ ዕዳውን መቋጨት ነው። መቋጨት ማለት ሁልጊዜ ሙሉውን በአንድ ቀን መክፈል ማለት አይደለም። ባንክ የተበላሸ ብድር መዝገቡ ላይ ከሚከርምበት ገንዘቡን ማግኘት ይመርጣል፤ ስለዚህ ቅጣት ወለዱ ላይ፣ የመክፈያው ጊዜ ላይ፣ አንዳንዴም በጠቅላላው ዕዳ ላይ መደራደር ይቻላል። ይህን ድርድር በማመልከቻ አድርጉት፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ለግለሰብ ዕዳ ደግሞ ሽማግሌዎች ትልቅ ኃይል አላቸው። በዚህ አገር ሽማግሌ ያስታረቀው ዕዳ ይከበራል። ነገር ግን ዕርቁ ሲያልቅ ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ሁለቱም ወገኖችና ምስክሮች ይፈርሙበት። በቃል የታረቀ ዕዳ ባለገንዘቡ ሲሞትና ልጆቹ ሲከሱ እንደ አዲስ ይነሣል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዕዳው ሲዘጋ የሚያዙ ወረቀቶች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እነዚህን ባለመያዙ ነው። ገንዘቡን ከፍለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ወረቀቱን አይጠይቁም። ከባንኩ ብድሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቤቱ በመያዣ ተይዞ ከነበረና ከሐራጅ ከተረፈ፣ ባንኩ ለከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የመያዣ ማንሻ ደብዳቤ ይጻፍ፤ እናንተም ሄዳችሁ በመዝገቡ ላይ መነሣቱን አረጋግጡ። የመያዣ ምዝገባ 10 ዓመት ይጸናል፤ ብድሩ በሦስተኛው ዓመት ቢያልቅም ምዝገባው ካልተነሣ ካርታው «ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ» አይባልም። ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ከነበረ እሱም መዘጋቱን የሚያሳይ ትዕዛዝ ግልባጭ አውጡ። ዋስ የነበራችሁም እንደዚሁ፤ ተበዳሪው ሲከፍል ዋስትናችሁ መነሣቱን በደብዳቤ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ባንኩ የብድር መረጃ ማዕከሉን መዝገብ እንዳስተካከለ ጠይቁ። ከፍሎ ሳለ በመዝገብ ገና ባለዕዳ ሆኖ የሚታይ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም ብድር የሚከለከለው እሱ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መታመንን እንደገና መገንባት ነው። ውጭ አገር እንዳለው ዓመት ቆጥሮ በር የሚከፍት ደንብ ስለሌለን፣ የከሰረ ሰው ባንክን የሚያሳምነው በሒሳቡ እንቅስቃሴ ነው። ገቢው በየወሩ ባንክ ይግባ። ንግድ ፈቃዱ ይታደስ፣ ግብሩ ይከፈል። በትንሽ ብድር ይጀምርና በጊዜው ይመልስ። ለዚህ ሲንቄ ባንክ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር፣ ባንክ የሆነው በቅርብ ዓመታት ነው፤ ሥሩም በቡድን ዋስትና በሚሰጥ ትንሽ ብድር ላይ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም የተነሣው ከገበሬ ማኅበራት ነው። በእነዚህ በትንሹ ታምኖ መጀመር ይቻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያጠፋውን መንገድ እንራቅ፤ እሱም አራጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። የባንክ ዕዳን በአራጣ መክፈል ዕዳን መቋጨት አይደለም፤ ሕጋዊውን ባለገንዘብ በሕገ ወጡ መተካት ነው።

ከዚያ በኋላ የቤት ብድሩ ይመጣል። እዚህ ላይ የከሰረውም ያልከሰረውም እኩል የሚፈተኑበት የሒሳብ ጉዳይ አለ። ለምሳሌ አንድ ሰው 1,000,000 ብር በ15 ዓመት የሚከፈል፣ በ16 በመቶ ወለድ ቢበደር፣ በየወሩ የሚከፍለው 14,700 ብር ገደማ ነው። በ15 ዓመት በጠቅላላ የሚከፍለው 2.6 ሚሊዮን ብር ያልፋል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። በዚህ ስሌት ያንን ብድር በደመወዝ የሚሸከም ሰው በወር 44,000 ብር ያህል ማግኘት አለበት። ግማሹን፣ 500,000 ብር፣ ቢወስድ ወርኃዊው ክፍያ 7,300 ብር ይሆናል፤ ገቢው ደግሞ 22,000 ብር። ስለዚህ የአንገቱ ወይም የጎባ መምህር ባንክ ሄዶ «አይሆንም» ሲባል፣ የከለከለው የቆየው ኪሳራው ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ይህን ስሌት ይሥራ። ብዙውን ጊዜ ያልተመጣጠነው ገቢውና ብድሩ ነው።

የገንዘቡም አቅርቦት ራሱ ጠባብ ነው። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ብሎ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ ኋላ ከፍ አደረገው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ሲኖር ባንኮች ቶሎ ለሚመለስ ንግድ ያበድራሉ፤ ለ15 ዓመት የሚያስር የቤት ብድር ወደ ኋላ ይቀራል። ለቤት ብቻ ተብሎ የተቋቋመው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ሠርቶ፣ በ1987 የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆኖ፣ በ2008 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ጎህ ቤቶች ባንክ የመጀመሪያው የግል የቤት ብድር ባንክ ሆኖ በ2014 ሥራ ጀመረ። በወለድ መበደር ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው (በባሌ ብዙኃኑ ሙስሊም ስለሆነ ይህ ጥያቄ ትልቅ ነው) ከወለድ ነጻ አገልግሎት ማግኘት ይችላል፤ ዘምዘም ባንክ ከ2013 ጀምሮ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ይሠራል፤ ሌሎች ባንኮችም መስኮት ከፍተዋል። እዚያ ባንኩ ቤቱን ወይም ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ ነግሮ፣ በክፍያ ይሸጣል። ግን ልብ በሉ፤ የከፋይነት ታሪክ እዚያም ይጠየቃል።

መያዣው ሌላው ጉዳይ ነው። በዚህ አገር ሽማግሌዎች ዘንድ መሬትን በወረቀት የማጣት መራር ትዝታ አለ፤ የቀላድ (የመሬት ልኬት) እና የግብር በደል በ1950ዎቹ አጋማሽ በባሌ ለተነሣው አመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ከ1967 በኋላ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ፤ ሕገ መንግሥቱም ይህን አጸና። ስለዚህ ዛሬ በመያዣ የሚሰጠው መሬቱ አይደለም፤ በላዩ የቆመው ቤትና የይዞታ መብቱ ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ፣ በ2004 በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት፣ የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። ካርታ የሌለው ቤት ባንክ ቤት ዋጋ የለውም። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ፣ ቁጥር 1147፣ ከብትን፣ ምርትን፣ ማሽንን ጭምር ለመያዣ አበቃ። ይህ ለገበሬ ጥሩ በር ነው፤ ቢሆንም ለቤት መሥሪያ ብሎ በሬውን የሚያስይዝ ሰው ቤቱ የማያበላው መሆኑን ያስብ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ አብራችሁ ፈርሙ፤ የቤተሰብ ሕጉም የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ እንዳይያዝ ይላል። በመጀመሪያው ኪሳራ ሚስቱ ሳታውቅ ቤቱን ያስያዘ ባል፣ በሁለተኛው ሙከራ ከባንኩ በፊት መታረቅ ያለበት ከሚስቱ ጋር ነው።

ብድር ሳይጠብቁ ቤት የሚሠሩም አሉ። በብዙ የኦሮሚያ ከተሞች መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ወስደዋል። ከዚያ በዕቁብ ቆርቆሮውን፣ በሚቀጥለው ዙር በሩንና መስኮቱን እያሉ ሁለት ክፍል ያቆማሉ። ለከሰረ ሰው ይህ መንገድ ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል፤ በኋላ ባንክ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ካርታና የቆመ ቤት ይዞ ይቀርባል፤ የሚጠይቀው ብድርም ለማስጨረሻ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ነው።

ከእናንተ ብዙዎች ልጅ ወይም ወንድም ውጭ አገር አላችሁ፤ እዚያ ነገሩ የተለየ ስለሆነ ጥቂት ልንገራችሁ። በአሜሪካ ተራ ሰው፣ ነጋዴ ባይሆንም፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከስሬያለሁ ይላል። ምዕራፍ 7 በሚባለው መንገድ ከሆነ የሚሸጥ ንብረት ካለ ተሸጦ አብዛኛው ቀሪ ዕዳ ይሰረዝለታል። ከስረዛው ሁለት ዓመት በኋላ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስትና ያለው የቤት ብድር መጠየቅ ይችላል፤ ለመደበኛው ብድር አራት ዓመት ይጠብቃል። ምዕራፍ 13 በሚባለው ደግሞ ዕዳውን በፍርድ ቤት ዕቅድ ይከፍላል፤ አንድ ዓመት ሳያጓድል ከከፈለ ዕቅዱ ሳያልቅ እንኳ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለፌዴራሉ ብድር ማመልከት ይችላል። የከሰረበት ታሪክ እስከ 10 ዓመት በብድር መዝገቡ ይታያል፤ ግን መታየቱ መከልከል አይደለም። በእንግሊዝም የከሰረ ሰው በ12 ወር ነጻ ይወጣል፣ መዝገቡም ከስድስት ዓመት በኋላ ይሰረዛል። ልጃችሁ ሚኒሶታ ወይም ለንደን ወድቆ ከሆነ፣ ለሰው ሳይናገር ተደብቆ እንዳይኖር ይህን ንገሩት፤ መውጫ አለው።

የእኛስ? እኔ ይህን ሳነጻጽር የሚሰማኝ ቁጭት ነው። አገራችን በሰንሰለት ማሠሩን ትታለች፤ ዕዳን የማስቋጫ ሥርዓት ግን ለነጋዴ እንጂ ለቤተሰብ አላበጀችም። የ2006ቱ ዋግ ያከሰረው ገበሬና ብድር ወስዶ የኮበለለው አጭበርባሪ በአንድ የተበላሸ ብድር ዓምድ ሥር ይጻፋሉ። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ለባንኮቹም አይጠቅምም፤ ሐቀኛ ባለዕዳ መውጫ እንደሌለው ሲያውቅ ይሸሸጋልና። ያለውን በሙሉ በግልጽ ያስመዘገበ፣ አቅሙ የፈቀደውን ለተወሰኑ ዓመታት የከፈለ ተራ ሰው ቀሪው ዕዳ በሕግ የሚሰረዝለት ሥርዓት ያስፈልገናል። የተዘጋ ዕዳም በብድር መዝገቡ ላይ ለስንት ዓመት እንደሚታይ ተወስኖ ሕዝቡ በግልጽ ሊያውቀው ይገባል። የሕዝብ ተወካዮቻችሁ ሲመጡ ይህን ጠይቋቸው፤ መንገድና ውኃ እንደምትጠይቁ ሁሉ ይህንም ጠይቁ።

ሕጉ እስኪመጣ ግን እጃችን ላይ ያለውን እንሥራ። ዕዳ ያለባችሁ፣ 90 ቀን ሳይሞላ ወደ ቅርንጫፉ ሂዱ። 90 ቀን ካለፈም ሂዱ። የታረቃችሁ፣ ዕርቁን አስጽፉ። ከፍላችሁ የጨረሳችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ውስጥ ባንኩ ዘንድ ሄዳችሁ የመዝጊያ ደብዳቤያችሁንና የመያዣ ማንሻውን ተቀበሉ፤ አንዱን ግልባጭ ለመሬት አስተዳደር ስጡ፣ አንዱን ለትዳር ጓደኛችሁ፣ ዋናውንም ከካርታችሁ ጋር አኑሩ።